ጉድጓዱ ከሞላ በኋላ፦ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር የዓይነ ምድር አወጋገድ ታሪክ

በምዕራብ ጎጃም ስለ ዓይነ ምድር አወጋገድ የተጻፉ ሰነዶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ጉድጓድ ይቆጥራሉ። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል የሚሄደው ሪፖርት ስንት አባወራ ሽንት ቤት እንደ ቆፈረ በመቶኛ ይናገራል። ጉድጓዱ በስንት ዓመት እንደሚሞላ፣ ሲሞላ ማን እንደሚያስመጥጠው፣ የተመጠጠው የት እንደሚደፋ፣ ከተደፋም በኋላ የማንን የውሃ ጉድጓድና የማንን ወንዝ እንደሚነካ ግን የሰንጠረዡ አካል ሆኖ አያውቅም።

የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የዙሪያቸው ገጠር ያለፉት ሰማንያ ዓመታት ታሪክ ሲመረመር ይህ ክፍተት በአንድ ዘመን ስንፍና የመጣ እንዳልሆነ ይታያል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማዘጋጃ ቤትና ሳኒታሪያን (የንጽሕና ባለሙያ)፣ ደርግ ቀበሌና ዘመቻ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ይዘው ሕዝቡን አስቆፍረዋል። ሁሉም የሠሩት ሥራ ነበር፤ ነፍስም አድኗል። የተቆፈረውን ተረክቦ የሚያስመጥጥ፣ የሚያጣራና በአግባቡ የሚያስወግድ አካል በቅጡ ማቆም ግን ለሁሉም የይደር ሥራ ሆኖ ቀረ። የዛሬው የከተሞቹ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሜዳ፣ ጸበልና ጅብ

የጎጃም ገበሬ ለረጅም ዘመን ሽንት ቤት ያልቆፈረው ንጽሕና ስለማይገደው አልነበረም። ቤቱ ከጎረቤቱ የተራራቀ፣ ጓሮው ሰፊ፣ ዙሪያው ቁጥቋጦና እርሻ ነበር። ሰው ሜዳ ወጥቶ ይመለሳል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ የቀረውን ውሻ ይጨርሰዋል። ለተቀደሰው ስፍራ ደግሞ የተለየ ሥርዓት ነበረ። በሰከላ የሚገኘውና ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የደረሰበት የግሽ ዓባይ ምንጭ ጸበል በመሆኑ የሚከበርና የሚጠበቅ ውሃ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም እንዲሁ ነው። ካህናቱ የሚያነቡት ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 ላይ ከሰፈር ውጭ የተለየ ቦታ እንዲኖር፣ ሰው መቆፈሪያ ይዞ ወጥቶ የተጸዳዳበትን አፈር እንዲያለብስ ያዝዛል። መቆፈርና መሸፈን እንግዳ ሐሳብ ሆኖ ከውጭ የገባ ነው ማለት ስለዚህ አይቻልም።

የሜዳውን ሥርዓት ዋጋ ከሁሉ አብልጣ የከፈለችው ሴቷ ናት። ወንዱ በእርሻ መካከል፣ ከብት ሲያግድ፣ መንገድ ሲሄድ ዞር ብሎ ይቀመጣል። ሴቷ ግን በቀን እንዳትታይ ጎህ ሳይቀድ ወይም ዓይን ሲይዝ እስክትወጣ ትጠብቃለች። ነፍሰ ጡር ብትሆንም፣ ሆዷን ብትታመምም፣ ጅብ ቢያስፈራም ያው ነው። ይህ ነገር ለብዙ ዘመን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። ኋላ እንደምናየው ግን የጎጃምን የመጸዳጃ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ የገፋው ይኸው የሴቶች ጭንቅ ነበር።

ሰው በአንድ ቦታ ሲከማች ሜዳው ጠበበ። ብሩስ የጎንደርን ከተማ ሲገልጽ በመንገድ ላይ የሚጣለውን በድንና እሱን ፍለጋ ሌሊት ከተማዋን የሚወርሩትን ጅቦች ጽፏል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው፣ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲመታ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ከዚያ መቅሠፍት ትዝታ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ በከተማም በገጠርም ይፈጸማል። ሕዝቡ ቆሻሻና በሽታ እንደሚዛመዱ አምኖ በዓመት አንድ ቀን በኅብረት ይነሣል ማለት ነው። ደረቁን ቆሻሻ እሳት ይበላዋል፤ ዓይነ ምድርንና ፍሳሽን ግን ጭስ አይነካውም፤ ለሱ ሌላ ዓይነት አደረጃጀት ያስፈልግ ነበር።

ማዘጋጃ ቤትና ሳኒታሪያን

የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ከኦሜድላ የተነሡት ንጉሠ ነገሥትም በዚሁ መስመር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለችው ከዚያ ጉዞ ጋር በተያያዘ ነው። ከነፃነት በኋላ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መንገድ ላይ የገበያና የአስተዳደር መናኸሪያ ሆኑ። ቡሬ ደግሞ ወደ ነቀምት የሚገነጠለው መንገድ መጋጠሚያ ናት። ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤትና እስር ቤት በአንድ ሰፈር ሲሰበሰቡ የሁሉም ፍሳሽ አብሮ ተሰበሰበ።

መንግሥት ለዚህ ሁለት መሣሪያ አዘጋጀ። አንደኛው በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ሲሆን ከተሞች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበትን መሠረት ጣለ። ሁለተኛው የጤናው ዘርፍ ነው። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ቆመ። በደምቢያ በወባ ወረርሽኝ ሺዎች ካለቁ በኋላም በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ ሦስት ባለሙያ በአንድ ቡድን አሠለጠነ፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱ በየጠቅላይ ግዛቱ በሚከፈቱ ጤና ጣቢያዎች አብረው ይመደባሉ። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ ሥጋ ቤትና ሆቴል ይመረምራል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል።

ይህ አሠራር በዘመኑ ለአፍሪካ እንደ አርአያ የታየ ነበር። የሳኒታሪያኑ ሙያ የተመሠረተበትን ዕውቀት ለማየት የዓለም ጤና ድርጅት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ስለ ገጠርና ስለ ትናንሽ ከተሞች የዓይነ ምድር አወጋገድ ያሳተመውን መጽሐፍ መመልከት ይበቃል። ጉድጓዱ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ፤ ወለሉ ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፤ አንድ ሰው በዓመት ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ 0.06 ሜትር ኩብ ያህል ዝቃጭ ይተዋል ይላል።

ይህን ስሌት በአንድ የጎጃም ቤት እንየው። አባወራው ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቢቆፍር ከላይ ግማሽ ሜትር ሲቀር በአፈር መደፈን አለበት። ስለዚህ የሚያገለግለው 1.5 ሜትር ኩብ ነው። አምስት ቤተሰብ በዓመት 0.3 ሜትር ኩብ ይሞላል። ጉድጓዱ በአምስት ዓመት ያበቃል ማለት ነው። ገበሬው ጓሮ ስላለው ሌላ ይቆፍራል፣ በአሮጌው ላይ ዛፍ ይተክላል። ቡሬ ገበያ አጠገብ በ100 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ አራት አባወራ አብሮ የሚኖርበት ግቢ ግን ሁለተኛ ጉድጓድ የሚቆፍርበት ቦታ የለውም። የመጽሐፉ ዕውቀት ለሁለቱም ይበቃ ነበር። አስተዳደሩ ከዚያ ውስጥ የወሰደው መቆፈሩን ብቻ ነው፤ የሚሞላበትን ዓመት አልመዘገበም።

የቀበሌ ቤት ሽንት ቤት

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ለድሃው ቀለለ፤ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር። ሆኖም ቀበሌው በሚሰበስበው ጥቂት ኪራይ ጣሪያ ለማደስ እንኳ አልቻለም። በግቢው ጥግ ያለው የጋራ ሽንት ቤት ባለቤት አጣ። ተከራዩ የእኔ አይደለም ይላል፣ ቀበሌው በጀት የለኝም ይላል፣ ማዘጋጃ ቤቱ የቀበሌ ንብረት ነው ይላል። በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ለአሥርተ ዓመታት የታየው የጋራ ሽንት ቤት መበላሸት አንዱ ሥር እዚህ ነው። ለጋራ መገልገያ የሚከፍል ሰው ሊገኝ ይችላል፤ የሚያስከፍለውና ተጠያቂ የሚሆነው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ግን ማንም አይከፍልም።

በገጠሩ ደርግ በሁለት መንገድ ሞከረ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎች ወደ ገጠር ወጡ። በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ የአልማ አታ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎትን ካወጀ በኋላም ከገበሬው መካከል የተመረጡ የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎች ጥቂት ወራት እየሠለጠኑ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በጎጃም በሰፊው የተካሄደው መንደር ምሥረታ ተበታትኖ ይኖር የነበረውን ገበሬ በመስመር አሰፈረው። ቤቶች ተቀራረቡ፣ የሜዳው ርቀት አጠረ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙው ገበሬ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። በትእዛዝ የተቆፈረ ጉድጓድ ትእዛዙ ሲቀር እንደሚደፈን ያ ዘመን አሳየ።

ዝንብ፣ ዓይንና የሴቶች ውሳኔ

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሁለት ሥራዎች ወደ አማራ ክልል ገጠር ገቡ፤ ለዛሬው ንጽጽር ሁለቱም ያስፈልጉናል። የመጀመሪያው ፊንላንድ ከ1987 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የደገፈችው የገጠር ውሃ አቅርቦትና የአካባቢ ፕሮግራም ነው፤ ምዕራብ ጎጃምም ከሥራ ክልሎቹ አንዱ ነበር። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገንዘቡን ራሱ ሕዝቡ የሚያስተዳድርበትን አሠራር ጀመረ። የመንደሩ ሰው የውሃ ኮሚቴ ይመርጣል፣ ድጋፉን በያኔው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ይቀበላል፣ ሲሚንቶውን ይገዛል፣ ግንበኛውን ይቀጥራል። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ያስቀምጣል። የውሃ ነጥቡ ሲያልቅ ዘበኛ፣ ገንዘብ ያዥና ቁልፍ አለው። ይህ አሠራር ኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ። እዚያው ቀበሌ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ግን ኮሚቴም የጥገና ገንዘብም አልነበረውም።

ሁለተኛው ትራኮማን የመከላከል ሥራ ነው። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ ከአገሪቱ ከፍተኛው ነው። በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን የምታዛምተው ዝንብ፣ ሙስካ ሶርቤንስ፣ በተለይ ገላጣ ላይ ባለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ትራባለች፤ ጨለማ ጉድጓድ አይስማማትም። በጋምቢያ የተደረገ ጥናት ሽንት ቤት በተሠራባቸው መንደሮች በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ በ30 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳየ። ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የተሠራች፣ ሲሚንቶ ያልነካት ተራ ሽንት ቤት እንኳ ዓይን ታድናለች ማለት ነው።

የካርተር ማዕከል ይህን ዕውቀት ይዞ ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር በምሥራቅ ጎጃም ሞጣን ማዕከሉ ባደረገው በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ሥራ ጀመረ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በክልሉ ለአንድ ዓመት የታቀደው 10 ሺህ ሽንት ቤት ነበር፤ የተሠራው ከ89 ሺህ በላይ ሆነ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ደጋግመው እንደተናገሩት ሥራውን የገፉት ሴቶች ናቸው። ስለ ዝንብ የተሰጣቸው ትምህርት ሰበብ ሆነላቸው፤ ዋናው ምክንያት ግን ጨለማን ሳይጠብቁ መጸዳዳት መቻላቸው ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት እያየ፣ ሴቷ ባሏን እየወተወተች ነገሩ ከወረዳ ወረዳ ተሻገረ። እቅዱን ዘጠኝ እጥፍ ያደረገው በዚያ እቅድ ውስጥ ከቶ ያልተጻፈው ምክንያት ነው።

ካርታው በአመድ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሠራተኛ መደበ። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ከዚያው አካባቢ የተመረጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከ16ቱ የሥራ ፓኬጆች 7ቱ የግልና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ የዓይነ ምድር አወጋገድ ነው። በጎንደር የተጀመረው የሳኒታሪያኑ ሥራ በዚህ መንገድ እስከ ጎጆው በር ደረሰ። ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች ጉድጓዱን ታያለች፤ ክዳን አለው ወይ፣ አመድ ይነሰነስበታል ወይ፣ በበሩ ላይ የተሰቀለችው ሽንቁር ሃይላንድ ውሃ አላት ወይ ብላ ትመዘግባለች።

በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ሕንዳዊው ካማል ካር በባንግላዴሽ ያስጀመሩት ዘዴ በደቡብ ኢትዮጵያ በኩል ወደ አገሪቱ ገባ፤ ኋላም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለመላው አገር መመሪያ አወጣለት። ዘዴው ገንዘብም ሲሚንቶም አይሰጥም። የመንደሩ ሰው ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። መሬት ላይ በአመድ የመንደሩ ወሰን ይሠመራል፤ በድንጋይ ቤት፣ በቅጠል ቤተ ክርስቲያንና ምንጭ ይወከላል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው ዛሬ ጠዋት በተጸዳዳበት ቦታ ላይ ቢጫ ዱቄት ወይም አፈር እንዲያኖር ይጠየቃል። ካርታው ቀስ በቀስ ቢጫ ይሆናል፤ ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት ሁሉ ተሞልቶ ይታያል። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ ወደ ቦታው ይሄዳል። ትኩስ ዓይነ ምድር ከምግብ አጠገብ ይቀመጣል፤ ዝንቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ሁሉም ያያል። ብዙ ጊዜ በዚያች ቅጽበት አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ተነሥታ አንዳችን የሌላችንን ዓይነ ምድር እየበላን ነው ትላለች። ውሳኔው ከዚያ ይመጣል። ቀበሌው በሙሉ ሜዳ መውጣት ሲያቆም ባንዲራ ይሰቀላል።

የእነዚህ ሥራዎች ድምር ውጤት ታላቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ የጋራ ክትትል እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ በ1982 ዓ.ም. 92 በመቶ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. 29 በመቶ ሆነ። በዓለም ላይ በዚያ ዘመን ከታየው ሁሉ ከፍተኛው ቅናሽ ነው። ይህን የሠሩት ገበሬዎችና በቀጭን ደመወዝ ዳገት ለዳገት የወጡ ሴቶች ናቸው፤ የታሪክ ጸሐፊ ይህን በአክብሮት መመዝገብ አለበት።

በዚያው ክትትል በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለ የሚባል የራሱ ሽንት ቤት የነበረው ግን 28 በመቶ ብቻ ነበር። ሌላው ከጎረቤት ይጋራል፣ አለዚያም ወለሉ የማይታጠብ፣ አፉ የማይከደን ጉድጓድ ይጠቀማል። የምዕራብ ጎጃም ክረምት ብርቱ ነው። በጥቁር አፈር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው ይናዳል፤ የወለሉን እንጨት ምስጥ ይበላዋል፤ የሣር ጣሪያው በአንድ ክረምት ይበሰብሳል። ፍኖተ ሰላምን በሚከበው በጃቢ ጠህናን ወረዳ በ2006 ዓ.ም. የተደረገ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ አምስት ሕፃናት አንዱ ያህል ከጥናቱ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ ይዞት እንደነበር አረጋግጧል። ጉድጓድ መቆፈር የመጀመሪያው ደረጃ እንጂ የመጨረሻው አለመሆኑን ይህ አኃዝ ይነግረናል።

የከተሞቹ ጥያቄ

በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ ምዕራብ ጎጃም ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ከአሥር ሰው በከተማ የሚኖረው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም 25,913፣ ቡሬ 20,410 ነዋሪ ተቆጠረባቸው። ዘመቻው ሁሉ ለገጠር መታሰቡ በዚያ ጊዜ ያስኬዳል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ከተሞቹ እጅግ አድገዋል። ፎቅ ሆቴል፣ የጋራ መኖሪያ፣ የተስፋፋ ሆስፒታልና ኮሌጅ መጥቷል። ቡሬ ላይ ደግሞ ከአገሪቱ አራት የሙከራ የተቀናጁ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። የፓርኮቹ ንድፍ ከመንገድና ከመብራት ጋር ካስቀመጣቸው መሠረተ ልማቶች አንዱ የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ፋብሪካው በእቅድ የተሰጠውን ነገር ሠራተኛው የሚኖርበት ከተማ ገና አላገኘውም።

በእነዚህ ከተሞች ቤቶች ፍሳሻቸውን ወደ አንድ የሚያወርድ የመሬት ውስጥ መስመር የላቸውም። ድሃው ጉድጓድ፣ ሆቴሉና ፎቁ ሴፕቲክ ታንክ አለው። ሴፕቲክ ታንክ ጠጣሩን ያዘቅጣል እንጂ አያጠፋውም፤ በየጥቂት ዓመቱ ቦቴ መጥቶ ሊመጥጠው ይገባል። ቦቴ ሲገኝ ኪራዩ ውድ ነው፤ ተራ ነዋሪ ስለዚህ እስኪሞላ ድረስ ይጠብቃል። አንዳንዱ በክረምት ጎርፍ ሲወርድ ጠብቆ ወደ ቦዩ ይለቃል። ቦዩ ወደ ወንዝ፣ ወንዙ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከከተማው በታች ያለው ገበሬ በዚያው ውሃ አትክልት ያጠጣል፣ ከብቱን ያጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ ገበያ ይወጣል። በከተማው ዳር ገና በእጅ ከተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ የሚቀዳ ሰው ደግሞ አደጋው ከጎረቤቱ ግቢ በአፈር ውስጥ ይመጣበታል።

ሕጉ ዝም አላለም። የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 አካባቢን በሚበክል መንገድ ፍሳሽ ማስወገድን ከለከለ፣ አገልግሎት ሰጪ ተቋማት ንጹሕ መጸዳጃ እንዲኖራቸው አስገደደ፣ የከተማ አስተዳደሮችን ስለ ሕዝብ መጸዳጃ ኃላፊ አደረገ። በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ ተነሥቶ በአገሪቱ የተዛመተው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያናወጠውም፣ በ2015 ዓ.ም. በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የተቀሰቀሰው ኮሌራም ይህ ሕግ ለምን እንደሚያስፈልግ በሰው ሕይወት አስተምረዋል። ሆኖም ከልካይ ሕግ ብቻውን አይሠራም፤ ባለ ቦቴው በሕጋዊ መንገድ የሚደፋበት ቦታ ካልተሰጠው ቅጣቱ መደፊያውን ከቀን ወደ ሌሊት ያዞረዋል እንጂ አያስቀረውም።

ከሌሎች ታሪክ መማር ይቻላል። የለንደን ሰዎች በእ.ኤ.አ. 1858 የቴምዝ ወንዝ ሽታ ምክር ቤታቸውን እስኪያስጨንቅ ድረስ ቆዩ። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ታላላቅ ቦዮችን ሠርቶ ፍሳሹን ከከተማው በታች ወደ ምሥራቅ አወረደው፤ ኮሌራም ከለንደን ጠፋ። ፍሳሹ ግን ሳይጣራ እዚያው ይደፋ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1878 አንድ የመዝናኛ መርከብ በዚያው አካባቢ ተጋጭታ ከ600 በላይ ሰው ሲሞት ውሃው በፍሳሽ የተሞላ መሆኑ አገሩን አስደነገጠ፤ የማጣሪያው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባም የራሷ ትምህርት አላት። በ1970ዎቹ አጋማሽ የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ተቀብሎ ለ50 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ተሠራ። ከተማዋ በሚሊዮኖች ስታድግ ማጣሪያው በዚያው አቅሙ ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የሚያጣራው አዲሱ የተተካው በ2010 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመካከሉ ያለውን ዘመን የአቃቂ ወንዝ ተሸከመው።

ቦታው ሳይያዝ በፊት

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የለንደንን ቦይም የቃሊቲን ማጣሪያም ዛሬ መሥራት አይጠበቅባቸውም። ለመካከለኛ ከተማ የሚስማማ፣ በቀላል ወጪ የሚሠራ ዘዴ የታወቀ ነው። ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ የተነጠፈባቸው ማድረቂያ አልጋዎች ይዘጋጃሉ። ቦቴው ዝቃጩን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያፈስበታል። ውሃው በአሸዋው ሰርጎ ወደ ማጠራቀሚያ ኩሬ ይሄዳል፣ ጠጣሩን ፀሐይ ያደርቀዋል። የደረቀው ወዲያው እርሻ ላይ አይበተንም፤ የወስፋት እንቁላል በውስጡ ረጅም ጊዜ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ አገር ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ በላይ በሆነ አገር ከአንድ ዓመት በላይ ተከማችቶ እንዲቆይ ይመክራል። ከዚያ በኋላ በበቆሎና በጤፍ ለምትታወቅ፣ የማዳበሪያ ዋጋ ገበሬዋን ለሚያስጨንቅባት አገር ውድ አፈር ይሆናል።

ለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መሬት ነው። ማድረቂያው ከቤትና ከውሃ የራቀ፣ ቦቴ የሚገባበት መንገድ ያለው ስፍራ ይፈልጋል። ይህ ስፍራ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ዛሬ ካልተከለለ ከአሥር ዓመት በኋላ የሰው ግቢ ይሆናል፤ ያኔ ካሳውም ክርክሩም ከማጣሪያው ይበልጣል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ተቋም ነው። የሚመጥጥ፣ የሚያስከፍል፣ የድሃውን ድርሻ የሚደጉም አንድ ተጠያቂ አካል መኖር አለበት። በዚሁ ዞን ያለ የገጠር መንደር ለውሃ ነጥቡ ኮሚቴ መርጦ፣ የጥገና ገንዘብ አስቀምጦ፣ ሂሳቡን በአደባባይ ሲያወራርድ ኖሯል። ለምንጩ የተቻለው ለፍሳሹ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ሌላው የሪፖርቱ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የሕዝብ መጸዳጃዎችን የማስፋፋት ንቅናቄ ሲጀመር የተነገረው ምን ያህል እንደሚገነባ ነበር፤ ቁጥሩ መነገሩ መልካም ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ግን ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ጉድጓዱ መቼ ይሞላል፣ ማን ይመጥጠዋል፣ የት ይወርዳል። ሳኒታሪያኑ ሦስቱንም በመጽሐፉ ያውቃቸው ነበር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ብትጠየቅ ትመዘግባቸዋለች። የማይቆጠር ነገር በጀት አያገኝም፣ በጀት ያላገኘ ደግሞ ባለቤት አያገኝም። የምዕራብ ጎጃም ሕዝብ ቁፋሮውን በገዛ ጉልበቱ ፈጽሟል፤ የቀረው ሥራ የአስተዳደሩ ነው፤ ጊዜውም ከተሞቹ ገና ክፍት መሬት ባላቸው በአሁኖቹ ዓመታት ውስጥ ነው።